የመፀው ሽቶ ፍለጋ

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ በፈረንጅ የሽቶ ምክር ይሞላል። ቫኒላ ያለበት፣ ትምባሆ ትምባሆ የሚል፣ ቀረፋ ጣል የተደረገበት ሽቶ ምረጡ ይላሉ። ቅጠል ሲረግፍና ሰው ሹራቡን ሲያወጣ የሚቀቡት ነው። ሹራቡ ላይ እንስማማለን፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ያለ አገር ስለ ብርድ ምክር አያስፈልገውም። ቅጠሉ ላይ ግን እንለያያለን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆመህ በጥቅምት የምታየው የሚረግፍ ቅጠል ሳይሆን የሚታጨድ ሣር ነው።

ወቅቱን «በልግ» ብለው የሚተረጉሙት ደግሞ ያናድዱኛል። በልግ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ መጀመሪያው ወርኃ ጽጌ፣ መጨረሻው አዝመራ። እንግዲህ ለመፀው የሚሆን ሽቶ ምን ይሸታል?

መጀመሪያ የመጣልኝ ድርቆሽ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ለአዲስ አበባ ላሞች ድርቆሽ ሲያቀርብ የኖረ ነው። ሣሩ ታጭዶ ፀሐይ ሲመታው ጣፋጭ፣ ትንሽ እንደ ለውዝ ያለ ሽታ ያወጣል። ይሄ ሽታ ስም አለው፦ ኩማሪን። አንዳንድ ሣሮች ሲደርቁ የሚለቁት ንጥረ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1868 በቤተ ሙከራ ሠራው። በ1882 የፓሪሱ ሁቢጋን «ፉዤር ሮያል» የተባለውን ሽቶ በዚሁ ኩማሪን አወጣ፤ ዛሬም ድረስ አንድ ሙሉ የወንዶች ሽቶ ዘር የሚጠራው በሱ ስም ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ የሚሸተን ነገር ግማሹ የድርቆሽ ዘመድ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1889፣ ጌርላን «ጂኪ»ን ለገበያ አቀረበ። ላቬንደር፣ ቫኒላ፣ ኩማሪን፣ ከስር ደግሞ ዝባድ። በዚያው ዓመት፣ በኛ ጥቅምት 25 ቀን 1882፣ ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ንግሥናቸውን ተቀበሉ። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ግን ዝባድ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ምክንያቱም የዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ዝባድ ከሚያገኙባቸው ዋና አገሮች አንዷ ለዘመናት ይቺው የኛ አገር ናት። ከእናርያና ከጊቤ ወዲያ ካሉት አገሮች ተነስቶ፣ በቀንድ ተሞልቶ፣ አፉ በቆዳ ታስሮ፣ በጎጃም የባሶ ገበያ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር አንድ አጋሰስ ላይ ተጭኖ።

ዝባድ ጥሬውን ስታሸተው ያስጠላል። በጣም በትንሹ በአልኮል ሲቀጥን ግን አበባውን አበባ ያደርገዋል፤ ሽቶውን ቆዳ ላይ ያቆየዋል። ለዚህ ነው ሻኔል ቁጥር 5 እ.ኤ.አ. በ1921 ሲወጣ ዝባድ የነበረበት።

የሚገኘው ከጥሪኝ ነው። ወንዱ ጥሪኝ ከዱር ተይዞ ከእንጨት በተሠራች፣ ዞር ማለት በማያስችል ጠባብ ቆጥ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋና ገንፎ ይበላል፤ ቤቱ እንዲሞቅ እሳት ይነድበታል። በየጥቂት ቀኑ እግሩና ጅራቱ ተይዞ፣ ከጅራቱ ስር ያለችው ከረጢት በማንኪያ ትጫራለች። እንስሳው ዕድሜውን እንዲህ ይጨርሳል። ይህን ካነበብኩ በኋላ «የኛ ቅርስ» ብዬ ደረቴን መንፋት አቃተኝ፤ «ጭካኔ ነው» ብዬ መዝጋትም አቃተኝ፤ ምክንያቱም የአንዳንድ የጅማና የኢሉባቦር ገበሬ ቤት የልጅ ደብተር የተገዛው ከዚያች ቀንድ ነው። የስዊዘርላንዱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና ሽታ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 ፈትቶት ነበር፤ በ1939 ኖቤል አገኘ። ሻኔልም ከ1998 ወዲህ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም ተናግሯል። የተፈጥሮው ፍላጎት ወረደ። ለጥሪኙ እፎይታ ነው፤ ለገበሬው ግን ማንም ምትክ አላመጣለትም።

የኔ ውሳኔ፦ ዝባድ አልገዛም።

ሌላው የተማርኩት ነገር ከእናቴ ነው፣ ከፓሪስ አይደለም። በመፀው ደረቅ አየር ቆዳ ይደርቃል፤ በደረቀ ቆዳ ላይ ሽቶ አይቆይም። የእናቶቻችን መላ አደስ የገባበት ቅቤ ነበር። ስብ ሽታን ይይዛል፤ ፈረንሳዮች የጃስሚንን ሽታ በሞራ እየያዙ ያወጡ የነበረውም በዚሁ ብልሃት ነው። አሁን ቅቤ ተቀብቶ ታክሲ መግባት ለሁሉም ላይመች ይችላል። ቫዝሊን ቀባ አድርጎ ሽቶውን ከላይ መንፋት ግን ያው ዘዴ ነው፣ ይሠራል።

ወደ ቡራዩ ስንሄድ ሽታው ይቀየራል፤ እዚያ ባህር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ምኒልክ ከተማውን በምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ግድም ወዳለው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ መንገዱ የሚያልፈው በዚሁ በቡራዩ በኩል ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ቶሎ አድጎ ከተማዋን እዚያው አስቀራት። ከዚያ ወዲህ የመፀው ጭስ የባህር ዛፍ ጭስ ነው። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ኅዳር 12 ቀን። በኅዳር 1911 የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። «ኅዳር ሲታጠን» ብለን በየሰፈሩ ቆሻሻ የምናቃጥለው ያንን እያስታወስን ነው። ልጅ ሆኜ ጭሱን እንደ በዓል ነበር የማየው። አሁን ስሙ ላይ «ሲታጠን» ያለው ቃል ይከነክነኛል፤ የሞተ ሰው ቤት ነው የሚታጠነው።

ሰበታ ላይ ብዙ አልቆይም። የቢራው ብቅል ሽታ አለ፤ የአልኮል ፋብሪካውም እዚያ አለ፤ የሚረጭ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነውና ከሦስቱ ከተሞች ለሽቶ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። የአበባ እርሻዎቹ ጽጌረዳ ግን አፍንጫን አስጠግተውም ብዙ አይሸትም። ለአውሮፓ ጉዞ እንዲጠነክር ሲዳቀል ሽታው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ሸገር ከተማ ሆነዋል። የሱሉልታ ሜዳም ከዓመት ዓመት ቆርቆሮና ብሎኬት እየበላው ነው። ባለፈው ጥቅምት መርካቶ፣ በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዳ ከሚሸጥ ነጋዴ ጋ ሄጄ አሥር ያህሉን አሸተትኩ። አፍንጫዬ ሲደክም የክንዴን እጥፋት እያሸተትኩ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። በመጨረሻ ኩማሪን የበዛበትን፣ ርካሹን ያዝኩ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ አንገቴን አሸተተችና «ዛሬ ደግሞ ድርቆሽ ስትሸከሚ ነው የዋልሽው?» አለችኝ።