የአገር በቀል ዕፅዋት ሽፋን ካርታ (ምዕራብ ደቡብ ወሎ)

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ደጋዎች የተረፈው የተፈጥሮ ደን፣ ቁጥቋጦና ሣር የት እንዳለ ከሳተላይት ምስልና ከመሬት አጠቃቀም መረጃ ተነሥቶ የሚያሳይ ካርታ። ዋናው ቅሪት በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በተለምዶ ደንቆሮ ጫካ በሚባለው ስፍራ ይገኛል። ከታች ጽድ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከአናቱ ጓሳና ጅብራ ይበቅሉበታል፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያም ነው።

ለረጅም ዘመን ንጽጽር የሚያገለግለው በ1972 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የላንድሳት ሳተላይት መርሐ ግብር ሲሆን ምስሎቹ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነፃ ይገኛሉ። በኋለኞቹ ምስሎች እንኳ አንዱ የምስል ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሚሸፍን ትንንሽ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከእርሻው ጋር ይደባለቃሉ፤ ለእነዚህ እስከ 10 ሜትር የሚለየው ሴንቲኔል-2 ሳተላይት ይሻላል።

ክረምቱ ደመናማ በመሆኑ የሚመረጠው የታኅሣሥና የጥር ምስል ነው። ያኔ አዝመራው ታጭዶ ሣሩም ስለሚደርቅ ቅጠሉ የማይረግፈው ደን ጎልቶ ይታያል።

አስቸጋሪው ባሕር ዛፍ ነው። እሱም ዓመቱን ሙሉ ስለሚለመልም በጥንቃቄ ካልተለየ እንደ ተፈጥሮ ደን ይቆጠራል፤ የአረንጓዴው ስፋት ሲጨምር አገር በቀሉ አገገመ ማለት ትልቅ ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ የዓባይ ሸለቆ የቆላ ዛፎች በበጋ ስለሚረግፉ ሸለቆው የተራቆተ ይመስላል። ስለዚህ የሁለት ወቅት ምስል ማነጻጸር፣ የገደል ጥላን ማረምና ቦታው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ የግድ ነው።