ወደ ጉዛራ የአንድ ቀን ጉዞ

ጎንደር ሲነሣ በአብዛኞቻችን ኅሊና ፈጥኖ የሚደቀነው የፋሲል ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማይቱን ሲቆረቁሩ የግንብ ሥራ ጥበብ ከባዶ መሬት ድንገት የበቀለ ይመስል፣ የታሪክ ትምህርታችንም ሆነ የተማሪዎቻችን ጉብኝት ከዚያው ጀምሮ እዚያው ያበቃል። ይህ ጽሑፍ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች አንድ ቀን ቆጥበው ከግቢው አጥር ውጭ፣ ወደ እንፍራንዝ እንዲወርዱ ለማሳሰብና ጉዞው እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባ ለመጠቆም የተዘጋጀ ነው።

በሌላው ዓለም ጥንታዊ ፍርስራሽ ለማየት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ ባቡር ይበቃዋል። ከናፖሊ ወደ ፖምፔይ የሚጓዘው መንገደኛ ማለዳ ተሳፍሮ፣ ቤተ መቅደሱንና ጎዳናውን ተመልክቶ፣ ሳይመሽ ይመለሳል። በእኛ አገር ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ቢገባም ወደ ጎንደር ደጋ አልዘለቀም፤ ዛሬም ከተማይቱ ባቡር የላትም። ስለዚህ መንገዱ የመኪና መንገድ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በጠዳና በማክሰኚት አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ጎዳና ተከትሎ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ እንፍራንዝ ይደረሳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ጉዞ ነው። የጉዛራ ቤተ መንግሥት በኮረብታ ላይ ተቀምጦ በስተ ምዕራብ የጣናን ሐይቅ ይመለከታል።

እንፍራንዝ ተራ የመንገድ ዳር ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ክረምታቸውን በዚሁ አካባቢ ያሳልፉ ነበር። ከጎንደር መቆርቆር በኋላም ከተማይቱ አልከሰመችም። ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1700 እንፍራንዝን ጎብኝቶ፣ ከጎንደር ብታንስም አቀማመጥዋ የበለጠ የሚያስደስት መሆኑን፣ ቤቶችዋ በለምለም አጥር የተለያዩ መሆናቸውን፣ የዝባድ ንግድ የደራባት መሆኑን፣ ክርስቲያኑና እስላሙም ተጎራብተው የሚኖሩባት መሆኑን ጽፎአል።

የጉዞው ዋና ቁም ነገር ግን ግንቡ ራሱ ነው። ጉዛራ ክብ ማማ ያለው፣ ባለ ፎቅ፣ አራት ማዕዘን ሕንጻ ሲሆን በኖራ የተገነባ ነው። በስፋት እንደሚነገረው ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ኖራ እንደ ጭቃ ባገኙበት የሚዛቅ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ተለይቶ፣ በምድጃ ነድዶ፣ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው ለግንብ የሚበቃው። በዘመኑ የነበሩት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ደግሞ የኖራ ድንጋይ በኢትዮጵያ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632)፣ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደሆነ ጽፈዋል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ኖራ ከሚሲዮናውያኑ ጽሑፍ አስቀድሞ በአገራችን ይታወቅ ነበር፤ ወይም ዛሬ የምናየው የጉዛራ ሕንጻ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከሠርፀ ድንግል በኋላ የታነጸ ነው።

ይህ የቀን ቆጠራ ክርክር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ፣ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የግንብ ሥራ በጣና ዙሪያ ሥር ሰዶ ነበር ማለት ነው፤ «ጎንደርን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለው ተደጋጋሚ አባባልም መሠረቱ ይናጋል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ከውጭ የመጣን ጥበብ በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ተቀብሎ የራሱ ያደረገ የአገር ግንበኛ እንደነበረ እንረዳለን። በሁለቱም በኩል ስሙ በዜና መዋዕል ያልተመዘገበው ጠራቢ፣ ኖራ አቃጣይና ድንጋይ ተሸካሚ የታሪኩ ባለቤት ነው።

ስለሆነም ጉዞው እንደ ሽርሽር ሳይሆን እንደ ጥናት ይታቀድ። ወራቱ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። የመንገዱ ሰላም አስቀድሞ ከአካባቢው ይጠየቅ፤ መነሻው ማለዳ ይሁን። ተማሪዎች በሦስት ይከፈሉ፦ አንደኛው ቡድን የሕንጻውን ቅርጽ በእርሳስ ያንሣ፤ ሁለተኛው የድንጋዩን አጣጣልና ኖራውን ልብ ብሎ ይመልከት፤ ሦስተኛው የእንፍራንዝ አረጋውያን ስለ ግንቡ የሚሉትን በቃላቸው ይመዝግብ። ከግድግዳው አንዲት ፍንካች እንኳ ማንሣት ግን ነውር መሆኑ በመነሻው ይነገር። ጉዛራ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ሥር ከተካተቱት ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ሲመለሱ ሦስቱ ቡድኖች ያዩትንና የሰሙትን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይከራከሩ። በማግስቱም ወደ ፋሲል ግቢ ይግቡ። ያን ጊዜ ግንቡን የሚያዩት እንደ ድንገተኛ ተአምር ሳይሆን በጣና ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ሲፈተን እንደኖረ የእጅ ሥራ ነው።