የእቴጌ ሆቴል እና የሴት እጅ ዋጋ

ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል መሆኑን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። መሥራቿ ሴት መሆኗንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ በሴቶች ቀን እናነሳዋለን። ከዚያ አልፎ ግን ማኅበራችንን የሚመለከት ጥያቄ አለ። ሆቴል ከመኖሩ በፊት እንግዳ ማን ያስተናግድ ነበር? ሆቴል ሲመጣስ በዚያ ሥራ ላይ ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ቀላል ነው፤ እንግዳ የሚያስተናግደው ቤት ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። አባወራው «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል። የተናገረው አባወራው ነው፤ እግር የምታጥበው፣ እንጀራ የምታቀርበው፣ መደብ የምታነጥፈው ግን ሴቲቱ ነበረች። እንግዳው ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። ለምርቃት እንጂ ለሒሳብ የሚሆን ነገር በመካከሉ አልነበረም።

ለንጉሥ እንግዳ ደግሞ ድርጎ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ መልእክተኛ ድንኳኑን ተክሎ ይቀመጣል፤ በንጉሡ ትእዛዝ እንጀራው፣ ማሩ፣ ጠጁ፣ በጉ ይላክለታል። ድርጎው ከገበሬው ጎተራ ይወጣል፣ በሴቶች እጅ ይፈጫል፣ ይጋገራል፣ ይጠመቃል። የውጭ አገር ተጓዦች በየመጽሐፋቸው የንጉሡን ቸርነት አመስግነዋል። የጋጋሪዋን ስም የጻፈ ግን ማግኘት ከባድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነገሩ በዚህ ልማድ ሊቀጥል ይችል ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን የእንግዳው ብዛት ተለወጠ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የኢጣሊያና የሩስያ መልእክተኞች መጡ። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ አዳኙ ተከተላቸው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የነበረው መንገደኛ ከድሬዳዋ በበቅሎ ብዙ ቀን ተጉዞ፣ ደክሞና ተርቦ ነበር የሚገባው። የሚገባውም ወደ አራዳ ነው። በጊዮርጊስ አጠገብ ትልቁ ገበያ ነበረ፤ የአርመንና የግሪክ፣ የህንድና የዓረብ ሱቆችም እዚያው ነበሩ። ይህን ሁሉ ሰው በድርጎ መቻል አይቻልም።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ያሠሩት በዚህ ጊዜ ነው። በ1898 ዓ.ም. እንደተሠራ ይታወቃል፤ በይፋ ሥራ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፍቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ዘመኑ ይገባናል። ገንዘብ ቤት አገኘ፤ እንግዳም በገንዘብ የሚያድርበት ቤት አገኘ።

እቴጌ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበሩም። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ለቀናት የዘለቀውን ታላቅ ግብር የመሩት እሳቸው ናቸው። ለሺህ ሰው ግብር ማብላት ምን እንደሆነ ድግስ ደግሳችሁ የምታውቁ ትረዱታላችሁ። ስንት ቁና ጤፍ፣ ስንት ገንቦ ጠጅ፣ ስንት ሸክም እንጨት፣ ስንት ጋጋሪ፣ ማን ቀድሞ ይቀርባል፣ ማን ይከተላል፤ ይህ ሁሉ ስሌት ነው። በመቀሌ የጠላት ምሽግ ውኃውን እንዲነጠቅ ያሰቡት ሴት፣ ሰው ያለ ውኃና ያለ ስንቅ ምን ያህል እንደሚቆይ አስልተው የሚያውቁ ነበሩ። ሆቴሉ የዚህ እውቀት ልጅ ነው።

አስቸጋሪው ግን ሕንፃው አልነበረም፤ ይሉኝታው ነበር። እህል በገንዘብ ገዝቶ መብላት በጊዜው ነውር ነው። ምግብ የሚሸጥ ሰው ንፉግ ነው፤ ገዝቶ የሚበላም ዘመድ የሌለው፣ ቤት የሌለው ነው። ሆቴሉ እንደተከፈተ ባላገሩም መኳንንቱም ሸሹት ይባላል። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት አፄ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን ይዘው ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ንጉሥ ከከፈለ መክፈል ነውር አይሆንም ማለታቸው ነው። ተረኩ በየአፉ ቢለያይም ቁም ነገሩ አንድ ነው። ሳህን ላይ ያለው ምግብ ዋጋ እንዳለው ለማሳመን የንጉሥ እጅ አስፈልጎ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳንዘነጋ። ምግብና መጠጥ በመሸጥ እቴጌ የመጀመሪያዋ ሴት አልነበሩም። በአራዳ ዙሪያ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ሰቅለው ጠላ የሚሸጡ፣ ጠጅ የሚጥሉ፣ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ነበሩ። ከጦርነት ባል የቀረባቸው፣ ከገጠር ተሰደው የመጡ፣ ርስት የማይደርሳቸው ሴቶች ከተማ ገብተው ልጅ ያሳደጉት በጋንና በምጣድ ነው። ለእነሱ ግን ንጉሥ መጥቶ ሒሳብ አልከፈለላቸውም። ያው እንግዳ ማስተናገድ በቤተ መንግሥት ሲሠራ «ሆቴል» ተብሎ ተከበረ፤ በጉሊትና በጓሮ ሲሠራ መሰደቢያ ሆነ። «የጠላ ሻጭ ልጅ» መባል ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቁ አሉ።

ስለዚህ የሆቴሉን ታሪክ ስንናገር ሁለቱንም ሴት እንናገር። አንዷ ሥልጣኗን ተጠቅማ የሴት እጅ ሥራን ደረጃ አወጣችለት። ሌሎቹ ሥልጣን ሳይኖራቸው ገበያውን ቀድመው ፈጠሩት።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ብዙ ዘመን አልመሩትም። አፄ ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ መንግሥቱን ይዘው ቆዩ፤ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። በ1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አረፉ። ሆቴሉ ግን ብዙ መንግሥት አሳልፏል። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። በደርግ ዘመን ሆቴሉ በመንግሥት እጅ ነበር፤ በኋላ ወደ ግል ዞረ። በ1962 ዓ.ም. ሒልተን፣ በ1990 ዓ.ም. ሸራተን ሲከፈቱ የቅንጦት እንግዳ ወደዚያ ሄደ። ጣይቱ ግን በእንጨት ወለሉ፣ በሰፊው ደረጃውና በረንዳው፣ በጾም ምሳው የራሱን ሰው ይዞ ቀረ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሳው እሳት ከፊሉ ተቃጠለ፤ ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ቤትም አብሮ ወደመ። ሆቴሉ ተጠግኖ እንደገና ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እሱ ቆሞ ቀርቷል።

በእነዚያ በፈረሱት ቤቶች ስንት ሴቶች ቡና አፍልተው፣ እንጀራ ጋግረው ይተዳደሩ እንደነበር የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ቤት ሲፈርስ ምጣድ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ደንበኛ ይዞ መሄድ ግን አይቻልም። ታሪካዊ ሕንፃ መጠበቅ ደግ ነው። ሕንፃውን ታሪካዊ ያደረገው ሥራ ግን ከበሩ ውጭም ይሠራ ነበር፤ እሱም መታወስ አለበት።

ይህ የአንድ ክፍለ ዘመን ነገር ለእኛ ለምን ይጠቅማል? ይሉኝታው ዛሬም ከእኛ ጋር ስላለ ነው። እኔ ለአንድ ሆቴል እንጀራ አቀርብ በነበረበት ጊዜ ሒሳቤ በወር ይከፈላል ተብሎ ሦስት ወር ቆየብኝ። ስጠይቅ «እንጀራ ለጋገሩበት እንዲህ ይሆናሉ እንዴ?» ተባልኩ። ለጤፍ ነጋዴው፣ ለመብራቱ፣ ለትራንስፖርቱ ማንም እንዲህ አይልም። ለጋጋሪዋ ብቻ ይባላል፤ የእጇ ሥራ እንደ ደግነት ስለሚቆጠር። ያን ቀን የማኅበራችን ሰብሳቢ ይዛኝ ሄዳ በጽሑፍ ውል እንዲኖረን አደረገች፤ ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ በቀኑ ገብቷል። እቴጌም የሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። ደግነቱን ሳያጠፉ ሒሳብ ጨመሩበት።

በዋጋ ስሌታችን ጤፉንና ማገዶውን እንጽፋለን፤ ሰዓታችንን ግን አንጽፍም። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ የምትጋግር እህት ከትርፏ ላይ ያን ሰዓት ብትቀንስ ብዙ ጊዜ የቀራት የላትም። እንግዲህ በሚቀጥለው የቁጠባና ብድር ስብሰባችን እያንዳንዳችን የአንድ ቀን ሰዓታችንን ጽፈን እንምጣ። ለምትደግፉን ወዳጆችም ጥያቄ አለኝ፤ ምጣድና ማሽን ስትሰጡን በጎ ነው፤ የውልና የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ብትጨምሩበት ግን ማሽኑ ራሱ የተሻለ ይሠራል።

አንድ ሥራ ደግሞ ከእኛ ከራሳችን ይጠበቃል። በአራዳና በፒያሳ ሆቴሎች ምግብ ያበሰሉ፣ አንሶላ ያጠቡ፣ አልጋ ያነጠፉ እናቶች በሰፈራችን በሕይወት አሉ። የመሥራቿን ስም ታሪክ ይዞታል። የእነሱን ስም የምንጽፈው እኛ ነን፤ ደብተር ይዘን ቡና ላይ ብንቀመጥ ይበቃል።