የበዓል ማዕድና የወቅቱ የእርሻ ምርት

በኢትዮጵያ የሚከበሩት ዋና ዋና በዓላት ከእርሻው ዑደት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እንቁጣጣሽና መስቀል ክረምቱ ወጥቶ እሸት በሚቀመስበት ወቅት ይከበራሉ። ገናና ጥምቀት ሰብል ታጭዶ አውድማ በሚገባበት፣ ፋሲካ ደግሞ በጋው ሊያበቃ በሚቃረብበት ጊዜ ይውላሉ። በየበዓሉ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ምግብ ከጥንት ጀምሮ የተመሠረተው በወቅቱ በጓሮ፣ በማሳና በበረት በሚገኘው ምርት ላይ ነው።

ይህ ትስስር በከተማ ኑሮ እየላላ መጥቷል። በርካታ የከተማ ቤተሰቦች ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውንና ሽንኩርቱን የሚሸምቱት በበዓሉ ዋዜማ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ፍላጎት በአንድ ጊዜ ስለሚያሻቅብ ዋጋ ይንራል፤ ገዢው የዕቃውን ጥራት ለመመርመር የሚያገኘው ጊዜም ያጥራል። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የበዓሉ ምግብ ጥራት፣ ደኅንነትና ወጪ በአብዛኛው የሚወሰነው ምድጃ ከመለኮሱ በፊት ነው።

በዓላቱና የየወቅቱ ምርት

መስከረም 1 ቀን የሚውለው እንቁጣጣሽ የእሸት በቆሎና የጎመን ወቅት ነው። በአንጻሩ በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት በክረምት የእርጥበት ጉዳት ስለሚደርስበት በዚህ ጊዜ አቅርቦቱ ያንሳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

መስከረም 17 ቀን የሚከበረው መስቀል የሣርና የወተት ወቅት በዓል ነው። በጉራጌ ክትፎ፣ የጎመን ክትፎና አይብ ከቆጮ ጋር ይቀርባሉ። ቆጮ ከእንሰት የሚዘጋጅና በጉድጓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ የቤተሰቡ የምግብ ዋስትና ጭምር ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ደግሞ ከእንሰት ውጤትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ የማዕዱ ዋና ምግብ ነው።

ገና ኅዳር 15 ቀን የሚጀምረው ጾመ ነቢያት የሚፈታበት በዓል ሲሆን ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ወቅቱ አዲስ ጤፍ የሚወቃበት፣ የበርበሬ ምርት የሚሰበሰብበትና በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ ማር የሚገኝበት ነው። በዚሁ ማርና በጌሾ የሚጣለው ጠጅም ለበዓሉ ይደርሳል።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ሲሆን የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ይፈታበታል። በመስኖ የለማ ሽንኩርት በብዛት ገበያ ላይ የሚገኘውም በበጋው ወራት ነው።

የኢድ አልፈጥርና የኢድ አልአድሃ (አረፋ) በዓላት የጨረቃን አቆጣጠር ስለሚከተሉ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት ይቀድማሉ። በመሆኑም በተለያዩ ዓመታት በተለያዩ የምርት ወቅቶች ላይ ይውላሉ። ለእነዚህ በዓላት የሚደረግ ዝግጅት የየዓመቱን ወቅት ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል።

ግዢን በየወቅቱ መከፋፈል

የበዓል ወጪን ለማቃለል የሚረዳው ቀዳሚ መንገድ የማይበላሹትን ግብዓቶች በምርት ወቅታቸው መሸመት ነው። ዛላ በርበሬ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ተገዝቶ፣ በደንብ ደርቆና ከነቅመሙ ተፈጭቶ ለዓመቱ በዓላት ይበቃል። እርጥበት ያለው በርበሬ ሻጋታ ስለሚያበቅልና ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ማድረቁ ሊዘነጋ አይገባም።

ቅቤም እንዲሁ ነው። በጾም ወራት የወተት ፍላጎት ስለሚቀንስ ወተቱ በብዛት ይናጣል። በዚህ ጊዜ የተገዛ ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላና በእርድ ተነጥሮ በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ለወራት ይቆያል። ዋዜማውን መጠበቅ የሚገባቸው እንደ ዶሮ፣ እንቁላል፣ አይብና ጎመን ያሉት ብቻ ናቸው።

የእነዚህን ምርቶች አቅርቦት ለማሳደግ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። መርሐ ግብሩ ወተትን፣ እንቁላልን፣ የዶሮ ሥጋንና ማርን ያካተተ ሲሆን በከተማ ቤተሰቦች ግቢ የሚካሄድ የዶሮ እርባታንም ያበረታታል።

ትኩሱን ከቆየው መለየት

ጤናማ ዶሮ ዐይኑ የጠራ፣ ኩክኒው የቀላ፣ ላባው የተስተካከለና ንቁ ነው። እንቁላል በውኃ ውስጥ ሲጨመር በጎኑ ከሥር ከተኛ ትኩስ ነው፤ ከቆመ ሰንብቷል፤ ከተንሳፈፈ ግን ባይበላ ይመረጣል። ጎመን ቅጠሉ ያልጠወለገና አገዳው ሲሰበር የሚቀነጠስ ሊሆን ይገባል።

ቅቤን በመልክ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ጥቂቱን በእሳት አቅልጦ ማየት ይጠቅማል፤ የማይቀልጥ ዝቃጭ ከበዛበት ባዕድ ነገር ሊኖረው ይችላል። በርበሬንም ከተፈጨው ይልቅ ዛላውን መግዛት ከማጭበርበር ይከላከላል። ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ተግባር ነው።

የዶሮ ወጥ አሠራር

የበዓላት ሁሉ አውራ የሆነው ዶሮ ወጥ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ምግብ ነው። ዶሮው በወጉ በ12 ብልት ይከፈልና በሎሚና በጨው ተዘፍዝፎ ይጸዳል። በሚታጠብበት ጊዜ ውኃው ወደ ሌሎች ምግቦችና ዕቃዎች እንዳይረጭ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በጥሬ ዶሮ ላይ የሚገኙ ተሕዋስያን የሚዛመቱት በዚሁ መንገድ ነውና።

ለአንድ ዶሮ እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚደርስ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና ያለ ቅባት በመጠነኛ እሳት ይቁላላል። ውኃውን ሲጨርስ በርበሬና ንጥር ቅቤ ይጨመርበታል፤ እንዳያርም በጥቂት በጥቂቱ ውኃ ጠብ እየተደረገ ይማሰላል። ቁሌቱ በሚገባ ሲበስል ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ብልቱ ይገባሉ። በመጨረሻ መከለሻና የተቀቀለ እንቁላል ተጨምሮበት ይወጣል። የወጡ ጣዕም የሚመጣው ከቁሌቱ በመሆኑ ሽንኩርቱ ሳይበስል የሚደረግ ጥድፊያ በቅቤ ብዛት አይካካስም።

የሥጋ ጥንቃቄ

በመሥሪያ ቤቶችና በየሰፈሩ የተለመደው ቅርጫ የበሬን ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ በማከፋፈል ወጪን ያቃልላል። ይሁን እንጂ ያለ ምርመራ የታረደ ሥጋ በጥሬው ሲበላ የኮሶ ትልን ጨምሮ ለልዩ ልዩ በሽታዎች ያጋልጣል። እርዱ በቄራ ተከናውኖ ሥጋው በእንስሳት ሐኪም መመርመሩ አደጋውን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ እንደ በሰለ አይቆጠርም። አስተማማኙ መንገድ አብስሎ መመገብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ያወጣቸው አምስት ቁልፍ መመሪያዎች ለበዓል ማዕድም ያገለግላሉ። እነዚህም ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ የምግቡ ውስጥ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት እንዲሁም ንጹሕ ውኃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በማቀዝቀዣም ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሊቀመጥ ይገባል። ለቀናት የሚበላ የበዓል ወጥ በአንድ ትልቅ ድስት ከሚያድር በአነስተኛ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለሚበላው ያህል ብቻ እየተወጣ በሚገባ ይሞቃል።

የበዓል ማለዳ ማዕድ

ከረጅም ጾም በኋላ በማለዳ የሚቀርበው ማዕድ ለሆድ የሚከብድ እንዳይሆን ማድረግም ከቀድሞ ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በብዙ ቤቶች ከዶሮ ወጡ አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል። አይብና በስሱ የተቀቀለ ጎመን ከወጡ ጋር ሲቀርቡ የበርበሬውንና የቅባቱን ክብደት ያለዝባሉ፤ በዋዜማው የተጋገረው ድፎ ዳቦም ከማዕዱ አይለይም።

ይህን ማዕድ ለማሟላት የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በርበሬውን በአዝመራው፣ ቅቤውን በጾሙ፣ ዶሮውን በዋዜማው እያለ አስቀድሞ ያቀደ ቤተሰብ በዓሉን ያለ ዕዳና ያለ ሕመም ለማሳለፍ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።