«ጉሩ»፣ «የኔታ»ና «የነፍስ አባት»

«ጉሩ» የሳንስክሪት ቃል ሲሆን፣ መሠረታዊ ፍቹ «ከባድ» ማለት ነው። በሂንዱ ሃይማኖት ጥንታዊ ሥርዓት ደቀ መዝሙሩ በጉሩ ቤት እያደረና እያገለገለ ቬዳን በቃሉ ያጠናል፤ ጉሩውም ማንትራ የሚባለውን ቅዱስ ቃል ሰጥቶ ነፍሱን ይመራል። ይህን ሁሉ «መምህር» ብሎ መተርጐም ፍቹን ያጐድላል።

በአገራችን ይህ ኃላፊነት ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ አፉን በአውኝኛ ወይም በአማርኛ የፈታ የአብነት ተማሪ ፊደል የሚያስቈጥሩትንና ዳዊት የሚያስደግሙትን «የኔታ» ይላቸዋል፤ ቃሉ «የእኔ ጌታ» ከሚለው ያጠረ ነው። ኑዛዜ የሚቀበሉት ግን «የነፍስ አባት» ናቸው።

ሁለቱን ባህሎች አብልጦ የሚያቀራርባቸው ሂንዱዎች «ፓራምፓራ» የሚሉት የመምህራን ሐረግ ነው። የእኛም ሙያ ከዚህ ሐረግ የበቀለ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፉት፤ እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አደራው ባይጠበቅ ኖሮ ዛሬ ለፍች የምንመሰክርበት መጽሐፍ ባልኖረን ነበር።

ስለዚህ «የኔታ» የማስተማሩን፣ «የነፍስ አባት» ነፍስን የመምራቱን ፍች እንደያዙ ይቈዩ፤ «ጉሩ» ግን እንዳለ ተጽፎ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ፍቹ ቢታከልበት ይሻላል እንላለን።