የውሻ ምዝገባና የመኪና ሰሌዳ፦ ከአሜሪካ ግዛቶች የዕለት ተዕለት ሕግ ታሪክ



የሕግ ታሪክ ሲነሣ አብዛኞቻችን ወደ ሕገ መንግሥትና ወደ ታላላቅ የፖለቲካ ክርክሮች እናዘነብላለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ ዝቅ ያለ ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካ ግዛቶች ውሻ ለማሳደግና መኪና ለመንዳት ስለሚጠየቀው ምዝገባ። መከራከሪያዬ አጭር ነው። እነዚህ ሁለት ሕጎች የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም ግዛቱ የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲል ጥበቃውንም ሆነ ፈቃዱን በመዝገቡ ላይ ለሰፈረው ብቻ ሊሰጥ ይችላል የሚለው አስተሳሰብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሉዊዚያና ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ሴንቴል የተባለ ሰው «ካውንተስ ሎና» የተሰኘች ውሻ ነበረችው። ዝርያዋ ኒውፋውንድላንድ ሲሆን የዘር ሐረጓም በውሻ አርቢዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ነበር። ከባለቤቷ ጋር ስትሄድ ሐዲድ ላይ ቆመች፤ እርጉዝ በመሆኗ እንደ ልማዷ ፈጥና መሸሽ ስላልቻለች የኤሌክትሪክ ትራም ገጭቶ ገደላት። በከተማይቱ የኤሌክትሪክ ትራም መሮጥ የጀመረው በ1893 ስለነበር ፍጥነቱ ለሰውም ለእንስሳም ገና እንግዳ ነበር። ሴንቴል የትራሙን ኩባንያ ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቱም 250 ዶላር እንዲከፈለው ወሰነ።

ኩባንያው ካቀረባቸው መከላከያዎች አንዱ በ1882 የወጣ የሉዊዚያና ሕግ ነበር። ሕጉ ውሻን የግል ንብረት ብሎ ያውጃል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለግብር ገማቹ ካላስመዘገበው በስተቀር ውሻው የሕግ ጥበቃ አያገኝም። ከዚህም አልፎ፣ የተመዘገበ ውሻ ቢገደል ባለቤቱ ሊጠይቅ የሚችለው ካሣ እሱ ራሱ ለግብር ሲል ከገመተው ዋጋ አይበልጥም። ይህ አንቀጽ ብልጠት ያለበት ነው እላለሁ። ግብር ለመቀነስ ውሻውን ርካሽ ያደረገ ሰው፣ ውሻው ሲሞትበት ውድ ሊያደርገው አይችልም። ሎና ግን ጭራሹን በግብር መዝገቡ ላይ አልነበረችም። የይግባኙ ፍርድ ቤት የሥሩን ውሳኔ ሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1897 ሽረቱን አጸና።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሄንሪ ብራውን ነበሩ። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ውሻ በዱር አራዊትና በቤት ከብት መካከል የሚቆም ፍጡር ነው። በላም ወይም በፈረስ ላይ ያለው ባለቤትነት ምሉዕ ነው፤ በውሻ ላይ ያለው ግን ጎዶሎ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ የጋራ ሕግ ውሻ መስረቅ እንደ ሌብነት እንኳ አይቆጠርም ነበርና አስተያየቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ዳኛው ዋጋ ያላቸው ውሾች መኖራቸውን አልካዱም፤ ሕግ ግን ጠቃሚውን ከማይረባው ለይቶ መጻፍ ስለማይችል ሁሉንም በአንድነት ይይዛል አሉ። የዘመኑን ሥጋት ብናስብ ነገሩ ይገባናል። ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በሰው ላይ የሞከረው በ1885 ነበር፤ ውሾችን በብዛት መከተብ ገና አልተጀመረም። በገጠር ደግሞ በግ የሚበሉ ውሾች የገበሬው መከራ ነበሩ፤ በብዙ ግዛቶች የውሻ ግብር ለተበሉት በጎች ካሣ ይውል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። እኒሁ ዳኛ ብራውን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1896፣ በፕሌሲ ጉዳይ ላይ የብዙኃኑን ፍርድ ጽፈዋል። ያም ጉዳይ ከሉዊዚያና የመጣና የባቡር ጉዳይ ነበር፤ በ1890 የወጣው ሕግ ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ፉርጎ እንዲጓዙ ያዝዝ ነበር። ሁለቱን ፍርዶች እኩል ማድረግ ስድብ ይሆናል፤ የሰው ክብርና የውሻ ዋጋ በአንድ ሚዛን አይሰፈሩም። ነገር ግን መለኪያው ተመሳሳይ እንደነበር መካድ አይቻልም፤ ግዛቱ ስለ ሕዝብ ደኅንነትና ሥርዓት ብሎ ያወጣው ደንብ ምክንያታዊ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። በፕሌሲ ምክንያታዊነቱ የተመዘነው በነባሩ ልማድ ሲሆን፣ ልማዱ ራሱ መከሰስ የሚገባው ነበር። ትንንሾቹን ሕጎች የሚያጠና ሰው ይህን ጎረቤታቸውን ሊዘነጋው አይገባም።

መኪናው የመጣው በዚህ በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ነው። ኒው ዮርክ በ1901 የመኪና ባለቤቶች እንዲመዘገቡ አዘዘች፤ ማሳቹሴትስ በ1903 ሰሌዳውን ራሷ እየሠራች መስጠት ጀመረች። (እኛ ሰሌዳውን «ታርጋ» የምንለው ከጣልያንኛ ወስደን ነው፤ ቃሉም እንደ ዕቃው ከውጭ የገባ ነው።) ምዝገባው ከችሎታ ፈተና ይቀድም ነበር። ሚዙሪ በ1903 መንጃ ፈቃድ መጠየቅ ጀምራ ፈተናውን ያመጣችው በ1952 ነው። ደቡብ ዳኮታ እስከ 1954 ድረስ ፈቃድም አልጠየቀችም፤ ፈተናውም እስከ 1959 ቆየ። ግዛቱ መጀመሪያ ሊያውቅ የፈለገው ሰውዬው መንዳት መቻሉን ሳይሆን፣ ማን መሆኑንና ክፍያውን መፈጸሙን ነበር።

በ1910 ሄንድሪክ የተባለ ሰው ከዋሽንግተን ዲሲ በራሱ መኪና ተነሥቶ ሜሪላንድ ገባ፤ የሜሪላንድ ምዝገባ ስላልነበረው ተያዘና 15 ዶላር ተቀጣ። ሜሪላንድ ከሌሎች ግዛቶች ለሚመጡ መኪኖች ለአጭር ጊዜ ታሳልፍ ነበር፤ ዲሲ ግን ግዛት ባለመሆኗ ነዋሪዎቿ ከዚህ ውጭ ቀሩ። ሄንድሪክ በግዛቶች መካከል የመዘዋወር ነጻነቱን አንሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1915 ተረታ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ማክሬይኖልድስ መኪና ለሕዝብ አደገኛ፣ ለመንገዱም አጥፊ ስለሆነ ግዛቱ ማስመዝገብና ማስከፈል ይችላል አሉ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1920፣ ኒኪያ የተባለች የኒው ዮርክ ሴት የውሻ ፈቃድ አላወጣም ብላ ተከራከረች። ክፍያው ለእያንዳንዱ ውሻ 2 ዶላር ሲሆን ገንዘቡ የሚገባው ለመንግሥት ሳይሆን በ1866 ለተቋቋመው በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ ለሚከላከለው ማኅበር ነበር። ሴትየዋ የግል ማኅበር በግድ አያስከፍለኝም ማለቷ እንደ እኔ አስተያየት ቀላል ክርክር አልነበረም። ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ጸሐፊው ዳኛ እንደገና ማክሬይኖልድስ ነበሩ፤ የጠቀሱትም የሴንቴልን ፍርድ ነው። ሎና ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ የሌሎች ውሾችን ዕጣ ወሰነች ማለት ነው።

ሄንድሪክ ከተነሣባት ከዋሽንግተን ዲሲ ዛሬ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል፤ ፈቃዱም ሜሪላንድ ውስጥ ያስነዳል። ይህ የሆነው ግን ግዛቶቹ ከጊዜ በኋላ አንዱ የሌላውን መዝገብ ለማክበር በየሕጋቸው ስለ ደነገጉ ነው እንጂ፣ የ1915ቱ ፍርድ ስለ ተለወጠ አይደለም። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።