ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት፤ ግእዝን ስለ መማር

ግእዝ ከዕለት ንግግር ከወጣ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉት፥ ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ሲነበብና ሲደረስበት የኖረ ልሳን ነው። የሚማረው ሁሉ በሌላ ቋንቋ አፉን ከፈታ በኋላ ስለሚማረው፥ ተማሪው በምን ምክንያት እንደሚደክምለትና በምን መንገድ እንደሚያነበው መመርመር ይገባል።

ሕፃኑ አስቀድሞ ሀሁን፥ ቀጥሎም አቡጊዳን ይቈጥራል። ከዚያ የዮሐንስን መልእክትና የዮሐንስን ወንጌል ይይዛል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። አነባበቡም በየደረጃው ነው። በቍጥር ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል፤ በግእዝና በውርድ ንባብ በዜማ እየሳበ ቃሉን ይይዛል፤ በቁም ንባብ ግን ተነሹን ከወዳቂው፥ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አቀላጥፎ ያነባል። ማታም ብርሃን በሌለበት የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ ወይም ከታላላቅ ተማሪዎች አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ትርጕሙን ግን በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው የለም።

የብዙዎች ምኞት በዚሁ ይፈጸም ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ ለዲቁና ይታጫል፤ ወላጆቹም ይኰሩበታል፤ ፊደሉ አንድ ስለ ሆነም አማርኛውን ያነብበታል። እንዲህ ያለው ሰው መዝሙሩን ዕድሜውን ሙሉ ቢደግም እንኳ ምሥጢሩ ተዘግቶበት ይኖራል።

ከዚህ አልፎ ቅኔ ቤት የሚገባው ሌላ ፈቃድ ያደረበት ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን ይዞ፥ እየለመነ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ የሚሄደው ለዲቁና ብቻ አይደለም፤ ባለቅኔ ተብሎ በጉባኤ ለመቆም ነው እንጂ። በዚያም ግሥ ይቈጥራል፥ ርባውን ያወርዳል፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ለራሱ ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚሆነውን ታሪክና ቃል ስለሚፈልግ፥ ቀድሞ በአፉ ያለፈውን መጽሐፍ እንደ አዲስ ይመረምረዋል። አንባቢ የሚሆነው ደራሲ ለመሆን ሲል ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ የቋንቋዎቹ ዝምድና ራሱ ወጥመድ አለበት። በግእዝ «ከልብ» ማለት ውሻ ነው፤ «ነበረ» ማለትም ተቀመጠ ነው። ደግሞ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» በጽሕፈት አንድ መልክ ሲኖራቸው፥ የፊተኛው ይላላል፥ የኋለኛው ይጠብቃል። ንባብ ቤት ይህን ልዩነት ያለ ምክንያት በጆሮ ያስቀምጣል፤ ቅኔ ቤት ሁለቱ ግሦች በየራሳቸው አርእስት እንደሚመሩ አሳይቶ ምክንያቱን ይገልጻል።

ስለዚህ የቀድሞው ሥርዓት በቃል መያዝን ከመረዳት አስበልጧል የሚለው ነቀፋ እውነትነቱ ዳዊት ደግመው በቀሩት ላይ ነው። በአንጻሩ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይዞ ከመጽሐፍ ብቻ የሚነሣ ተማሪ ትርጕሙን ፈጥኖ ያገኛል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን ጆሮው አይለይም። የመጀመሪያው ድምፅን ያለ ነገር፥ ሁለተኛው ነገርን ያለ ድምፅ ይዞ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ሰው ያገናኘው ግን ከዳዊት በኋላ ሌላ ነገር መሻት ነበር፤ ይህ መሻት የቀረ እንደ ሆነ የመምህሩም ብልሃት የመጽሐፉም ብዛት አይተካውም።